ከ45 ወደ 180 ቀን፦ የፔይፓል የቅሬታ ጊዜ ሲራዘም የተፈታውና ያልተፈታው

እስከ 2014 መገባደጃ ድረስ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) በፔይፓል (በኢንተርኔት ገንዘብ የሚከፈልበት አገልግሎት) የከፈለ ገዢ «ዕቃው አልደረሰኝም» ወይም «የደረሰኝ የተባለው ዕቃ አይደለም» ብሎ ቅሬታ ለማቅረብ 45 ቀን ነበረው። ቆጠራው የሚጀምረው ዕቃው እጁ ከገባበት ሳይሆን ገንዘቡን ከከፈለበት ቀን ነው። ኖቬምበር 18 ቀን 2014 ድርጅቱ 45ቱን 180 አደረገው፤ አራት እጥፍ ማለት ነው።

ለውጡ ለጥናት የሚመች ነው፤ ከአንድ ደንብ ውስጥ አንድ ቁጥር ብቻ ሲነካ ምን እንደሚሆን በግልጽ ያሳያል። ቆጠራው የሚነሣበት ቀን አልተቀየረም። በቅሬታው ሂደት ውስጥ ያሉት ትንንሽ ቀነ ገደቦችም እንዳሉ ቀሩ። ስለዚህ አንድ ችግር ተፈታ፣ ሁለተኛው ባለበት ቆየ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከገዢው ትከሻ ወርዶ የሻጩ ትከሻ ላይ ወጣ።

45 ቀን ለምን አልበቃም

ቁጥሩ በራሱ ትንሽ አይደለም። በሦስት ቀን የሚደርስ መጽሐፍ ለገዛ ሰው ከደረሰው በኋላ 42 ቀን ይተርፈዋል፤ የተቀደደ ገጽ ለማየት ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ የሚመጣው ዕቃው ከአህጉር ወደ አህጉር በርካሽ ፖስታ ሲጓዝ ነው። ሻጩ በማስታወቂያው ላይ «ከ30 እስከ 60 ቀን ይደርሳል» ብሎ ጽፏል እንበል። ገዢው በቀን 0 ከፈለ፣ ሻጩ በቀን 4 ላከ። በቀን 45 ገዢው ቅሬታ የማቅረብ መብቱ አበቃ፤ ሻጩ ግን ገና ቃሉን አላፈረሰም፣ 15 ቀን ቀርቶታል። በቀን 52 እሽጉ ሲደርስ ውስጡ ሌላ ዕቃ ቢሆን ነገሩ በይርጋ ታግዷል፤ ያውም ከሳምንት በፊት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ውሻው ቀድሞ እንዳይጮኽ የከለከለው ደንቡ ራሱ መሆኑ ነው።

በትእዛዝ የሚሠራ ዕቃም እንዲሁ ነው። አንድ ጠረጴዛ ለመሥራት 8 ሳምንት፣ ለማድረስ 3 ሳምንት ቢወስድ 77 ቀን ይሆናል። ገዢው ዕቃውን ዓይቶ ቅሬታ ሊያቀርብ የሚችልበት አንድም ቀን አልነበረም። ያለው አማራጭ ገና ሳይዘገይበት «አልደረሰኝም» ብሎ መክሰስ ነው፤ ይህ ደግሞ ሐቀኛውን ሻጭ ይጎዳል።

ሐቀኛ ላልሆነው ሻጭ ግን ቀን 45 የታወቀ በር ነበር። ማድረግ ያለበት መጨቃጨቅ ሳይሆን መለሳለስ ነው፦ «ጉምሩክ ላይ ነው፣ አንድ ሳምንት ይታገሡ»፤ ከዚያ «ካልደረሰ ሌላ እልካለሁ»፤ ከዚያ ዝምታ። የጊዜ ገደብ ከክፍያ ቀን በተቆጠረ ቁጥር የማዘግየት ዋጋው ለሻጩ ትርፍ ይሆናል። ይህ ከማንም ክፋት በፊት የደንቡ ጉድለት ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ መነሻው

ሁለት ደንቦችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። የኢንተርኔት ገበያው ኢቤይ ለገዢዎች በሚሰጠው የገንዘብ መመለስ ዋስትና 30 ቀን ይፈቅዳል፤ የሚቆጠረው ግን ዕቃው ከደረሰበት፣ ካልደረሰም ይደርሳል ከተባለበት የመጨረሻ ቀን ነው። የቀድሞው የፔይፓል ደንብ 45 ቀን ከክፍያ ይቆጥራል። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፦ ዕቃው በ15ኛው ቀን ሲደርስ። ከ15 ቀን በታች በሚደርስ ዕቃ ላይ 45ቱ ለገዢ ይሻላል፤ ከ15 ቀን በላይ በሚዘገይ ዕቃ ላይ ግን በእያንዳንዱ ቀን አንድ ቀን ይሸረፋል፤ በ46ኛው ቀን ባዶ ነው።

ይህንኑ ስሌት በ180 ላይ እንሥራ። 30 የመመርመሪያ ቀን ቢፈለግ 180ው እስከ 150 ቀን ድረስ የሚዘገይን ዕቃ ይሸፍናል። የባሕር ፖስታውም ጠረጴዛውም ተካተቱ። ነገር ግን በ3 ቀን ለደረሰው መጽሐፍ ገዢው 177 ቀን ተሰጠው። ማንም ያን ያህል አልጠየቀም። ለሩቁ ጉዞ የተሰፋው ልብስ ለሁሉም ተለበሰ።

ሕጎች መነሻውን የሚያስተካክሉት በሌላ መንገድ ነው። በአውሮፓ ኅብረት የሸማቾች መብት መመሪያ (ቁጥሩ 2011/83፣ ሥራ ላይ የዋለው ከጁን 13 ቀን 2014 ጀምሮ) ከርቀት የገዛ ሰው ያለ ምንም ምክንያት ሐሳቡን የሚለውጥበት 14 ቀን አለው፤ ቆጠራው የሚጀምረው ዕቃው እጁ ሲገባ ነው። በአንድ ትእዛዝ ብዙ ዕቃ ታዝዞ ተራ በተራ ቢደርስ ቆጠራው ከመጨረሻው ዕቃ ይነሣል። ይህች ትንሽ አንቀጽ ብዙ የገበያ መድረኮች የሚረሷት ናት፤ ስድስት ወንበር ታዝዞ አምስቱ ሲደርሱ ሲስተሙ «ደርሷል» ብሎ መቁጠር ይጀምራል። ሻጩ ስለዚህ መብት ለገዢው ካላስታወቀ ደግሞ ጊዜው በ12 ወር ይረዝማል። ቅጣቱ በገንዘብ ሳይሆን በቀን መሆኑ ብልህነት ነው፤ ሻጩ መረጃውን የሚደብቅበት ምክንያት አይኖረውም።

የካርድ ድርጅቶች ሁለት ቁጥር አንድ ላይ ይጠቀማሉ። በቪዛ ደንብ ዕቃ ያልደረሰው ካርድ ያዥ በባንኩ በኩል ክፍያውን ለማስመለስ (ቻርጅባክ የሚባለው) 120 ቀን አለው፤ ይህም ዕቃው ይደርሳል ተብሎ ከተጠበቀበት የመጨረሻ ቀን ሊቆጠር ይችላል። በላዩ ላይ የማይታለፍ ጣሪያ አለ፦ ክፍያው ከተከናወነበት 540 ቀን። የውስጡ ገደብ ገዢውን ይከተላል፣ የውጪው ጣሪያ ለሻጩ «ከዚህ በኋላ ማንም አይጠይቅህም» የሚል እርግጠኝነት ይሰጣል። በእኛ አስተያየት ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው፤ በቁጥሮቹ መጠን ላይ መከራከር ይቻላል።

180ው ውስጥ የተደበቁት 20 ቀኖች

ገዢዎችን ከ2014 በኋላም ገንዘብ ያስቀራቸው ዋናው ገደብ 180ው አይደለም። በፔይፓል ቅሬታ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ገዢው ዲስፒዩት ይከፍታል፤ ይህ ከሻጩ ጋር በቀጥታ የሚነጋገርበት መድረክ ነው፣ ድርጅቱ እዚህ አይፈርድም። ካልተስማሙ ገዢው ራሱ ወደ ክሌም ማሳደግ አለበት፤ ፍርድ ያለው እዚያ ነው። ለማሳደግ የተሰጠው 20 ቀን ነው። በ20 ቀን ውስጥ ካላሳደገ ዲስፒዩቱ በራሱ ይዘጋል፣ እንደገናም አይከፈትም። ዕቃ አልደረሰም በሚል ቅሬታ ላይ ደግሞ ከክፍያው ቢያንስ 7 ቀን ሳያልፍ ማሳደግ አይቻልም።

እንግዲህ ሻጩ ቀን 45ን ባያገኝ ቀን 20ን አግኝቷል። ገዢው በቀን 62 ዲስፒዩት ከፈተ። ሻጩ በትሕትና መለሰ፦ «ይቅርታ እንጠይቃለን፣ ምትክ ልከናል፣ የመከታተያ ቁጥሩ ይኸው»። ገዢው ምትኩን ሲጠብቅ ቀን 82 ደረሰ፤ ዲስፒዩቱ ተዘጋ። ከ180ው 98 ቀን ይቀራል፤ ለዚህ ገዢ ግን 98ቱም ዋጋ የላቸውም። ትዕግሥተኛው ተቀጣ፣ ችኩሉ ተጠቀመ። በሌላ አነጋገር ደንቡ ገዢዎችን የሚያሠለጥነው ዲስፒዩት እንደከፈቱ፣ በተፈቀደላቸው የመጀመሪያ ቀን፣ ወደ ክሌም እንዲሮጡ ነው፤ ይህም የመጀመሪያው ደረጃ የተፈጠረበትን ዓላማ ያፈርሳል።

በተቃራኒው ወገን ሻጩ ክሌም ሲቀርብበት የመልስ ጊዜው 10 ቀን ነው፤ ካልመለሰ ገንዘቡ በሙሉ ለገዢው ይመለሳል። ሁለቱን አስተያዩ፦ የሻጩ ዝምታ ገንዘቡን ያሳጣዋል፣ የገዢው ዝምታም ገንዘቡን ያሳጣዋል። እኩል ይመስላል፤ አይደለም። ሻጩ ማስጠንቀቂያ ደርሶት ዝም ያለ ነጋዴ ነው። ገዢው ግን ዝም ያለው ሻጩ ቃል ስለገባለት ሊሆን ይችላል።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። የብሪታንያ የ2015 የሸማቾች መብት ሕግ ጉድለት ያለበትን ዕቃ መልሶ ገንዘብ ለመውሰድ 30 ቀን ይሰጣል። ገዢው በእነዚህ ቀናት ውስጥ «ጠግኑልኝ» ወይም «ለውጡልኝ» ብሎ ከጠየቀ ቆጠራው ይቆማል። የተጠገነው ወይም የተለወጠው ዕቃ ሲመለስለት ከ30ው የቀረው ጊዜ ይቀጥላል፤ የቀረው ከ7 ቀን ካነሰ ደግሞ 7 ቀን ይሰጠዋል። ይህን በቀን 62 ላይ ባለው ገዢ ላይ ብናደርገው ሻጩ «ምትክ ልከናል» ባለበት ቅጽበት የ20ው ቆጠራ ይቆማል፤ ምትኩ ሲደርስ፣ ወይም ሻጩ ራሱ የጠቀሰው የመድረሻ ቀን ሲያልፍ፣ ይቀጥላል። ለሲስተም ሠሪ ይህ አንድ ተጨማሪ ሁኔታ ብቻ ነው፦ «ምትክ በመጠበቅ ላይ»።

ቆጠራ ማቆም የማይፈልግ መድረክ ሌላ ቀላል መንገድ አለው። ቀኑ ሲያልቅ ጉዳዩ በራሱ እንዲዘጋ ከማድረግ ይልቅ በራሱ ወደ ፍርድ እንዲያድግ ማድረግ ነው። በኢቤይ ሻጩ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ጉዳዩን ካልፈታ ገዢው መድረኩ እንዲገባበት መጠየቅ ይችላል። አሁንም ገዢው መጠየቅ አለበት፤ ነገር ግን የሚጠብቀው ጊዜ አጭርና የታወቀ ነው።

ወደ ሻጩ የተሻገረው ሸክም

በወር 100 ትእዛዝ የሚልክ ሻጭ በ45 ቀን ደንብ በማንኛውም ቀን 150 ያህል ትእዛዞቹ ቅሬታ ሊቀርብባቸው ይችላል። በ180 ቀን 600 ይሆናሉ። የሽያጩ መጠን አልጨመረም፣ የሚያገኘው ገንዘብም አልጨመረም፤ «የእኔ ነው» ብሎ በእርግጠኝነት የማይናገርበት ገንዘብ ግን አራት እጥፍ ሆነ። ካፒታሉ ትንሽ የሆነ ሻጭ የስድስት ወር ሽያጩን በሙሉ ለአቅራቢ ከፍሎ ጨርሶ በቀን 170 ገንዘብ መልስ ሲባል የሚመልሰው ከሚቀጥለው ወር ገቢ ነው። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ፔይፓል ሻጩ ገንዘብ ሲመልስ መጀመሪያ የቆረጠውን የአገልግሎት ክፍያ አይመልስለትም፤ እያንዳንዱ ተመላሽ ከዋጋው በላይ ያስወጣል።

ማስረጃውም ያረጃል። «አልደረሰኝም» ለሚል ገዢ መልሱ የመድረሻ ማረጋገጫ ነው፤ ዋጋው 750 የአሜሪካ ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ የተቀባይ ፊርማ ይጠየቃል። የፖስታ ድርጅቶች ግን የመከታተያ መረጃን ለዘለዓለም በድረ ገጻቸው ላይ አያቆዩም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ቁጥሩን ሲያስገቡት «አልተገኘም» ይላል። ከ180 ቀን ደንብ በኋላ ጠንቃቃ ሻጭ ማድረግ ያለበት ሥራ ግልጽ ነው፦ እሽጉ «ደርሷል» በተባለበት ዕለት የመከታተያ ገጹን ቀንና አድራሻው እንዲታይ አድርጎ ምስል ማስቀረት፣ ከትእዛዙ ቁጥር ጋር ማስቀመጥ፣ የማሸጊያውን ፎቶና ክብደቱን የሚያሳየውን የፖስታ ደረሰኝ ቢያንስ 7 ወር አለመጣል። ክብደቱ የተናቀ ማስረጃ ነው። ባዶ ሣጥን ደረሰኝ በሚል ክርክር 1.8 ኪሎ የሚል የፖስታ ደረሰኝ ከሦስት ፎቶ ይበልጣል።

«የተባለው ዕቃ አይደለም» የሚለው ቅሬታ ከዚህ ይከብዳል፤ የፔይፓል የሻጭ ጥበቃ ይህን ዓይነቱን አይሸፍንም። በቀን 5 የቀረበ ከሆነ ዕቃው እንዴት እንደወጣ ከፎቶ ማየት ይቻላል። በቀን 170 ከሆነ አምስት ወር ያገለገለ ጫማ ሊሆን ይችላል። የተጠቃሚ ስምምነቱ በመጀመሪያው ሳምንትና በስድስተኛው ወር በቀረበ ቅሬታ መካከል ደረጃ አያወጣም።

ሕጎች ግን ያወጣሉ፤ መሣሪያቸው የማስረዳት ሸክም ነው። በብሪታንያው ሕግ ከ30ው ቀን በኋላ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ውስጥ ጉድለት ከታየ ሲሸጥ ጀምሮ እንደነበረ ይገመታል፣ አልነበረም የሚል ሻጭ ያስረዳል፤ መፍትሔው ግን ወዲያውኑ ገንዘብ ሳይሆን መጀመሪያ ጥገና ወይም ምትክ ነው። ከ6 ወር በኋላ የሚያስረዳው ገዢው ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ባወጣው መመሪያ ይህን ግምት ወደ 1 ዓመት ከፍ አድርጎታል። በሩ አይዘጋም፤ ጊዜው በገፋ ቁጥር ለመግባት የሚጠየቀው ማስረጃ ይጨምራል። የመድረኮች ደንብ ደግሞ ወይ ወለል ብሎ ክፍት ነው ወይ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል።

ረጅም ጥበቃ ለሁሉም ዓይነት ክፍያ እንደማይመች ድርጅቱ ራሱ በኋላ ያሳየበት ቦታ አለ። በ2016 በሕዝብ መዋጮ ገንዘብ የሚሰበሰብባቸው መድረኮች ላይ የሚደረጉ ክፍያዎችን ከገዢ ጥበቃው አውጥቷቸዋል። እንዲህ ያሉ ክፍያዎች ገና ላልተሠራ ነገር የሚሰጡ ናቸው፤ ይደርሳል የተባለበት ቀን በወራት ሲንሸራተት የተለመደ ነው።

በእነዚህ ቁጥሮች ደንብ ቢጻፍ

አዲስ የገበያ መድረክ ደንቡን ሲጽፍ ከዚህ ጉዳይ ሊወስድ የሚገባው የመጀመሪያው ነገር መነሻውን ከመድረሻ ቀን ላይ መትከል ነው፦ ዕቃው ከደረሰበት 30 ቀን፤ ካልደረሰ በትእዛዙ ወቅት ከታየው የመጨረሻ የመድረሻ ቀን 30 ቀን፤ ተራ በተራ ከደረሰ ከመጨረሻው። ለ60 ቀን ጉዞ ገደቡ ቀን 90 ላይ ይወድቃል፤ በቀን 52 ከደረሰ ቀን 82 ላይ። ሻጩ የመድረሻ ቀኑን በኋላ ቢያራዝም የገዢውም ጊዜ አብሮ ይራዘማል እንጂ ወደ ኋላ አይሳብም። ያን ጊዜ ሻጩ ማዘግየት ምንም አያተርፍለትም።

በሁለተኛ ደረጃ የውጪ ጣሪያ ያስፈልጋል። ከክፍያ 180 ቀን ለጣሪያነት መጥፎ ቁጥር አይደለም፤ የመድረሻ ቀኑ ከቀን 150 በላይ የተቀጠረ ትእዛዝ ከሆነ ግን ጣሪያው ከቀጠሮው 30 ቀን አልፎ እንዲያርፍ መጻፍ አለበት። ለሻጩ ገንዘብ የሚለቀቅበት ቀንም ከዚህ ጋር መናበብ አለበት። ገንዘቡ በቀን 10 ተለቅቆ ቅሬታው በቀን 80 ሲመጣ መድረኩ የሚመልሰው ከራሱ ኪስ ወይም ከሻጩ ቀጣይ ሽያጭ ነው፤ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ካልተጻፈ ጠቡ ሦስት ማዕዘን ይሆናል።

ተመላሹ «ተፈቀደ» እና «ገባ» የተለያዩ መሆናቸውም ብዙ ጊዜ ይረሳል። በአውሮፓው መመሪያ ሻጩ ገዢው ሐሳቡን መለወጡን ካሳወቀበት በ14 ቀን ውስጥ ገንዘቡን መመለስ አለበት፤ ሆኖም ዕቃው እስኪመለስለት፣ ወይም ገዢው መልሶ መላኩን የሚያሳይ ማስረጃ እስኪያቀርብ፣ ከሁለቱ በቀደመው ድረስ መያዝ ይችላል። መያዣው በፖስታ ደረሰኝ የሚፈታ መሆኑ ቁልፍ ነው፤ ሻጩ ሣጥኑን ሳይከፍት ወር እንዳያስቀምጥ ያግደዋል።

ለገዢው ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚቀረው ሥራ ትንሽ ነው፣ ግን በጽሑፍ መሆን አለበት። ሲያዙ የታየውን የመጨረሻ የመድረሻ ቀን ምስል ማስቀረት፤ የመድረኩን፣ የፔይፓልንና የካርዱን ሦስት የተለያዩ ገደቦች በቀን መቁጠሪያ ላይ ማስፈር፤ ዲስፒዩት ከተከፈተ ለ18ኛው ቀን ማስታወሻ መያዝና ሻጩ ምንም ቃል ቢገባ ገንዘቡ ወይም ምትኩ እጅ ካልገባ በዚያ ቀን ወደ ክሌም ማሳደግ። በሁለት መንገድ በአንድ ጊዜ መክሰስ ግን አያዋጣም፤ በባንክ በኩል ቻርጅባክ የጠየቀ ገዢ የፔይፓል ክሌሙ ይዘጋበታል። በአብዛኛው ቅደም ተከተሉ መድረኩ፣ ከዚያ ፔይፓል፣ ካርዱ መጨረሻ ነው፤ የካርዱ ጊዜ ከሁሉም የሚረዝመው በመነሻው ምክንያት ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ 180ው አሁንም ከክፍያ ቀን ይቆጠራል። ዛሬ በትእዛዝ የሚሠራ ዕቃ ከፍሎ «በ7 ወር ይደርሳል» የተባለ ገዢ በቀን 210 ዕቃውን ሲጠብቅ ከፔይፓሉ ገደብ 30 ቀን አልፎታል፤ የ2014ቱ ገዢ በቀን 45 የገጠመው ይኸው ነበር። በቪዛ ካርድ ከፍሎ ከሆነ ግን ከቀን 210 ጀምሮ 120 ቀን ይቆጠርለታል፦ እስከ ቀን 330፣ ከ540ው ጣሪያ በታች። ከፔይፓል ሂሳቡ ላይ ከነበረ ገንዘብ ከከፈለ ይህም የለውም።